«እዚህ ጋ አትተርጉሚ»

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ። ጋዜጣችሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የምገዛ አንባቢ ነኝ። ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ያነሣሣኝ ባለፈው ሳምንት በመዝናኛ ገጻችሁ የወጣው ጽሑፍ ነው። ጸሐፊው ስለ ድሮ ፊልሞች ብዙ መልካም ነገር ብለዋል። የሆሊውድ የዘፈንና የጭፈራ ኮሜዲዎች ላይ ሲደርሱ ግን ፊታቸውን አጠቆሩ። ሰው ደህና ሲያወራ ቆይቶ ድንገት ብድግ ብሎ ይጨፍራል፣ ቁም ነገር የለውም፣ የሥራ ፈት ጨዋታ ነው ዓይነት ነገር ጻፉ። ይሁን፣ አስተያየታቸው ነው። እኔን የገረመኝ ፎቶው ነው። ከጽሑፉ በላይ አንድ ሰውዬ በዝናብ መሐል የመብራት ፖል ላይ ተንጠልጥሎ ሲስቅ ይታያል። ከሥሩ ስም የለም። የፊልሙም ስም የለም። ሰውዬውን ሰድባችሁ በፎቶው ገጻችሁን አሳመራችሁ ማለት ነው።

ለጠብ አይደለም የመጣሁት። ነገሩ ሥራዬን ስለሚነካ ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

ሥራዬ ዳቢንግ ነው። የውጭ ድራማ ላይ ያለች ሴት አፏን ስትከፍት የምትሰሙት አማርኛ የእኔ ሊሆን ይችላል። በ2008 ዓ.ም. አማርኛ የሚናገሩ የቱርክ ድራማዎች በየሳሎኑ ሲገቡ ተማሪ ነበርኩ። እንደ ሰው ሁሉ ቁጭ ብዬ አይ ነበር። አሁን ማይክ ፊት መቆም ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው።

በአሁኑ ድራማ ክፉዋ እኔ ነኝ። የባሏን ወንድም መርዝ ያጠጣችው። አንድ ቀን ሰፈሬ ያለው ባለሱቅ ጋ ሄጄ «ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት» ብለው ከሚዛኑ ቀና ብሎ አፈጠጠብኝ። «አንቺ ነሽ እንዴ?» አለኝ። ነኝ አልኩት። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ራስ ሽንኩርት ይጨምርልኛል። ከፍቅር ይሁን ከፍርሃት አላውቅም።

ባለሱቁ ድምፄን ለይቶ አወቀ። ስሜን ግን ከየትም ሊያውቀው አይችልም። ድራማው ሲያልቅ በሚያልፈው ጽሑፍ ላይ የእኛ ስም የለም። የት እንደምሠራ አልናገርም፤ እንጀራዬ ነው። ይህን ያነሣሁት ፎቶው ላይ ያለው ፊልም ለምን እንደያዘኝ እንዲገባችሁ ነው።

ፊልሙ «ሲንጊን ኢን ዘ ሬይን» ይባላል። በአማርኛ «በዝናብ ውስጥ እየዘፈኑ» ብንለው ያስኬዳል። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣ፣ ኤም.ጂ.ኤም. የሚባለው የሆሊውድ ስቱዲዮ ፊልም ነው። ጂን ኬሊና ስታንሊ ዶነን አብረው አዘጋጁት። ኬሊ ራሱ ዋናው ተዋናይም ነው፤ ፖሉ ላይ የተንጠለጠለው ሰውዬ እሱ ነው። ርዝመቱ 103 ደቂቃ ነው። ከአንድ የእኛ ሰፈር ስብሰባ ያጥራል።

ያየሁት ነሐሴ ውስጥ ነው፣ ከእናቴ ጋር። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነበር። እማዬ እንግሊዝኛ አትችልም፤ የአማርኛ ጽሑፍም ከሥሩ የለውም። ስለዚህ የለመድኩትን ሠራሁ። ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ ጎኗ ተቀምጬ፣ የሁሉንም አፍ እዚያው በዚያው ወደ አማርኛ መለስኩላት። ወንዱንም ሴቱንም እኔ ነኝ። ፖሊሱም እኔ ነኝ። ያውም ያለ ክፍያ።

ታሪኩ ወደ እ.ኤ.አ. 1927 ይመልሰናል። ፊልም ገና ድምፅ አላወጣም። ተዋናይ ዓይኑን ያጉረጠርጣል፣ ደረቱን ይይዛል፣ ንግግሩ ተጽፎ ይነበባል። ያን ዓመት በኦክቶበር ዋርነር ብራዘርስ የሚባለው ስቱዲዮ «ዘ ጃዝ ሲንገር» የተባለውን ፊልም አወጣና ተዋናይ ከሸራው ላይ ሲናገር ተሰማ። ሆሊውድ ታመሰ። በፊልሙ ውስጥ ያሉት ዶን ሎክውድና ሊና ላሞንት የድምፅ አልባው ዘመን ኮከቦች ናቸው። ሰው ሁሉ የሚዋደዱ ይመስለዋል፤ ዶን ግን ዓይኗን ማየት አይፈልግም። አሁን ስቱዲዮው ተናገሩ አላቸው።

ሊና እጅግ ቆንጆ ናት። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በየሄደችበት ፈገግ ብቻ ትላለች፤ የሚናገርላት ዶን ነው። እማዬ «እንዴት ያለች ጨዋ» አለች። ከዚያ መድረክ ጀርባ ሲገቡ ሊና አፏን ከፈተች። ዘይት ያልነካው የብረት በር ሲከፈት ሰምታችኋል? እንደዚያ ነው። ለመተርጎም አፌን ስከፍት እማዬ ቀደመችኝ። «ወይኔ! ባትናገር ይሻላት ነበር» ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ከዚህ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ቀረጻ ነው፤ እንደ ባለሙያ ደግሜ ደጋግሜ ያየሁት ቦታ። ማይክሮፎኑን ቁጥቋጦ ውስጥ ደብቀውታል። ሊና ፊቷን ወደዚያ ስታዞር ድምፅዋ ይሰማል፣ ወደዚህ ስታዞር ይጠፋል። ዳይሬክተሩ ከመስታወት ክፍሉ እየወጣ ይለምናታል። «ማይኩ እዚያ ነው፣ ወደ ማይኩ ተናገሪ።» ደረቷ ላይ ይሰፉላታል። አሁን ደግሞ የልብ ምቷ ዱብ ዱብ ይላል። ሦስተኛውን ትከሻዋ ላይ አበባ ውስጥ ይከቱታል። ልክ ሥራው ሲጀመር የስቱዲዮው ባለቤት ይገባል፤ መሬት ላይ የተዘረጋ ሽቦ ያያል፣ ሰው ያደናቅፋል ብሎ አንዴ ጎተት ሲያደርገው ሊና እግሯ ወደ ላይ ተገለበጠች።

እኔ እዚህ ጋ መተርጎም አልቻልኩም። ሳቁ አንቆኝ ነበር። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ሳምንት ከማይኩ ፊቴን እያዞርኩ ስንት ቀን አስደግሜያለሁ! ኤዲተሩ በማዳመጫው «እባክሽ ማይኩ አይነክስሽም» ያለኝ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። የእጄ አምባር ሲንኳኳ አንድ ሙሉ ክፍል እንደገና ቀድተናል። በፊልሙ ላይም ሊና የዕንቁ ሐብሏን ስትነካካ አዳራሹ ውስጥ ድንጋይ የሚንኮታኮት ነው የሚመስለው።

ፊልሙ ለሕዝብ ሲታይ ደግሞ የባሰ ይመጣል። ያኔ ዋርነር ይሠራበት የነበረው ዘዴ ድምፁን ሸክላ ላይ መቅዳት ነበር። ሸክላውና ፊልሙ እኩል መሽከርከር አለባቸው። መርፌዋ አንድ መስመር ከዘለለች አለቀ። ሊና ራሷን እየነቀነቀች እምቢ ስትል ከአፏ የወንዱ ወፍራም ድምፅ «አዎ! አዎ! አዎ!» እያለ ይወጣል። ወንዱ አንገቱን በእሺታ ሲያወዛውዝ ከሱ አፍ የሊና «አይሆንም! አይሆንም!» ይሰማል። እማዬ ለዚህ አስተርጓሚ አላስፈለጋትም። ዕንባዋን ጠረገች። «ይሄ እኮ የእናንተው ድራማ ነው፤ ባለፈው ማክሰኞ አልሆነም እንዴ?» አለችኝ። ሆኗል። አልካድኩም።

ለማያውቀው ከንፈር ማግጠም ቀላል ይመስላል። መ፣ በ፣ ፐ ላይ ከንፈር ይዘጋል። ተዋናይዋ ከንፈሯን ዘግታ እኔ «እ…» እያልኩ ከሆነ ዓይን ወዲያው ይነቃል። አማርኛ ደግሞ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ድራማው ግሱን በሚያስቀድም ቋንቋ ሲሆን ጉድ ነው። ሴትየዋ «ገደልኩት» የሚለውን ብላ ጨርሳ ማልቀስ ስትጀምር እኔ ገና ማንን እንደገደለች ነው የምናገረው። ተርጓሚዎቻችን በዚህ ነገር እንቅልፍ አጥተው ነው የሚያድሩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የእናንተው ጸሐፊ የጠሉት ያ «ድንገት መጨፈር» ምንድን ነው?

የዶን ጓደኛ ኮስሞ ሐሳብ ያመጣል። ሊና አፏን ታንቀሳቅስ፣ ኬቲ የምትባለው ወጣት ድምፅዋን ትስጥ። ሐሳቡን ሲያሳይ ራሱ ከፊት ይቆምና ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ ኬቲ ከኋላው ትዘፍናለች። ይህ እኔ በየቀኑ የምሠራው ሥራ ነው! ከዚያ ሌሊት ዶን ኬቲን ቤቷ ያደርሳታል። በር ላይ ይሳሳማሉ። መኪናውን ሂድ ይለዋል። ዝናብ ነው። ዣንጥላውን ከፍቶ ትንሽ ይራመዳል፣ ያንጎራጉራል። ከዚያ ዣንጥላውን ያጥፈዋል።

እዚህ ጋ መተርጎም ቀጠልኩ። ስለ ዝናብ የሚል ዘፈን ነው፣ ደስ ብሎኛል ነው የሚለው፣ ምናምን ስል እማዬ ክንዴን ያዘችኝ። «ዝም በይ። እዚህ ጋ አትተርጉሚ። ገብቶኛል።»

ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው አፍ ስሞላ ኖሬ «አንቺ አታስፈልጊም» ስባል ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ዝም ብለን አየን። ፖሉ ላይ ይወጣል። የሱቅ አጥሩን በዣንጥላው ጫፍ ኳኳኳ ያደርገዋል። ከአሸንዳ የሚወርደውን ውሃ በፊቱ ይቀበላል። የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ አንድ እግሩን ወደ ላይ፣ አንድ እግሩን ወደ ታች እያደረገ እንደ ልጅ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ያቆረው ውሃ ውስጥ ገብቶ በሁለት እግሩ ይረግጠዋል፣ ይረጨዋል። ትልቅ ሰው ነው እኮ፣ ሙሉ ልብስ የለበሰ። ፖሊስ መጥቶ ይቆምና ያየዋል። ሰውዬው ቀስ ብሎ ይረጋጋል፣ ምን እያደረገ እንደሆነ ያስረዳል፣ ይሄዳል። ለአንድ መንገደኛ ዣንጥላውን ይሰጠዋል። በቃ።

እማዬ ግን እናት ናት። በመሐል «ይሄ ልጅ ብርድ ይመታዋል፤ ደግሞ ፊቱም ትኩሳት ያለው ይመስላል» አለች። ሳቅኩባት። በኋላ ሳነብ ኬሊ ያን ትዕይንት ሲቀርጽ ከ39 ዲግሪ በላይ ትኩሳት ነበረው ይላል። የሱፍ ልብሱም ውሃው በበዛበት ቁጥር እየጠበበበት ሄደ። ይህን ስነግራት ምን እንዳለችኝ መገመት አያቅታችሁም።

ዝናቡ የቧንቧ ነው። በካሜራ እንዲታይ ወተት ቀላቀሉበት የሚል ወሬ አለ፤ ውሸት ነው። ጠብታው የታየው ከኋላው በተበራው መብራት ነው። ውሃ ያቆሩት ጉድጓዶች ኬሊ እግሩን በሚያሳርፍበት ቦታ ተለክተው የተቆፈሩ ናቸው። የእግሩ ድምፅም እዚያው ዝናብ ውስጥ የተቀዳ አይደለም። ቆይቶ ስቱዲዮ ውስጥ ምስሉን እያዩ፣ እርምጃ በእርምጃ እየገጠሙ የቀዱት ነው። ይህም ዳቢንግ ነው እንግዲህ፣ የእግር ዳቢንግ። እኔ አንዲት «እሺ» ለመግጠም አራት ጊዜ እደግማለሁ። እነሱ በውሃ መሐል የሚረገጥ ጫማ ገጠሙ፤ ስታዩት ግን ማንም ምንም የደከመ አይመስልም።

በሚቀጥለው ቀን ከሥራ ስወጣ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ዝናቡ ያዘኝ። ዣንጥላዬን ላጥፈው ብዬ አሰብኩ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። የእኛ ሰፈር ኩሬ ግን በማንም እግር ልክ አልተቆፈረም፤ ጥልቀቱን የሚያውቅ የለም። ተውኩት።

ስለ ድካም ካነሣሁ ኮስሞን የሠራውን ዶናልድ ኦኮነርን አለማንሣት ነውር ነው። ሰው ለማሳቅ ብቻውን የሚጨፍርበት ትዕይንት አለ። ከአሻንጉሊት ጋር ይታገላል፣ ከሶፋ ይወድቃል፣ ግድግዳ ላይ ሮጦ ወጥቶ አየር ላይ ይገለበጣል። ሁለት ጊዜ ያደርገዋል። በሦስተኛው ግድግዳውን በርቅሶ ያልፋል። ኦኮነር ያኔ በቀን 4 ፓኮ ሲጋራ ያጨስ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ቀርጾ ሲጨርስ አልጋ ላይ ዋለ። ሲነሣ የተቀረጸው ተበላሽቷል፣ እንደገና ሥራው አሉት። ሠራው። እኔ ብሆን መልቀቂያ አስገባ ነበር።

ኬቲን የሠራችው ዴቢ ሬይኖልድስ ደግሞ ገና 19 ዓመቷ ነበር። ጂምናስቲክ ሠርታለች እንጂ ዳንሰኛ አልነበረችም። ከኬሊና ከኦኮነር መሐል አቁመው ከእነሱ እኩል ጨፍሪ አሏት። ኬሊ ለማንም የሚራራ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ፒያኖ ሥር ተደብቃ ስታለቅስ የዘመኑ ታላቅ ዳንሰኛ ፍሬድ አስቴር አግኝቷት፣ ልምምዱን እንድታይ ወስዶ አበረታታት። ሦስቱ ቤት ውስጥ ከደረጃ እስከ ሶፋ የሚጨፍሩበት የንጋት ዘፈን ከጠዋት እስከ ሌሊት፣ 15 ሰዓት ያህል ፈጅቷል። እግሯ ደማ። በዕድሜዋ ሙሉ የከበዷት ሁለት ነገሮች ይህ ፊልምና መውለድ እንደሆኑ ኋላ ላይ ተናግራለች። አሁን ተመልሳችሁ ፊቷን እዩት። ሰኞ ጠዋት ካሳንቺስ ላይ ትኩስ ዳቦ የገዛች ልጅ ነው የምትመስለው።

የፊልሙ አሠራር ራሱ ያስቃል። መጀመሪያ የነበረው ታሪክ አይደለም፤ ዘፈኖች ናቸው። ፕሮዲውሰሩ አርተር ፍሪድ ድሮ ከናሲዮ ኸርብ ብራውን ጋር ዘፈን ይደርስ ነበር። ግጥሙ የፍሪድ፣ ዜማው የብራውን። የዝናቡ ዘፈንም በ1929 የወጣ፣ ያኔውኑ ያረጀ ዘፈን ነው። ቤቲ ኮምደንና አዶልፍ ግሪን የሚባሉ ሁለት ደራሲዎች ተጠርተው እነዚህን የድሮ ዘፈኖች የሚያያይዝ ታሪክ ጻፉ ተባሉ። ጨነቃቸው። ኋላ ዘፈኖቹ የወጡት ፊልም መናገር በጀመረበት ሰሞን መሆኑ ታያቸው። ለምን ታሪኩ ስለዚያ ሰሞን አይሆንም? በአንዳንድ ሰው ቤት መጀመሪያ ቁልፉ ይገዛል፣ ከዚያ በሩ ይሠራል። እንዲህ ተሠርቶም በሩ እንዲህ ይገጥማል ብሎ ማን ይጠብቃል።

አሁን ያ ሆዴን የበላኝ ነገር። ቀስ ብላችሁ ተከተሉኝ፤ ነገሩ ይጠላለፋል።

በፊልሙ ታሪክ ኬቲ የሊናን ንግግር በራሷ ቆንጆ ድምፅ ስትቀዳ ይታያል። ማይኩ ፊት ቆማ፣ ምስሉን እያየች፣ ልክ እንደ እኔ። ግን የምንሰማው ድምፅ የዴቢ ሬይኖልድስ አይደለም። ሊናን የሠራችው የጂን ሄገን የራሷ እውነተኛ ድምፅ ነው! ያ የበር ሲጢጥታ የትወና ነበር። ስለዚህ ዴቢ ለሄገን ስትናገርላት፣ ሄገን ለዴቢ እየተናገረችላት ነው። ሄገን በዚህ ሥራ ለኦስካር ታጭታ ነበር፤ አልወሰደችም።

ይህ ብቻ ቢሆን ስቄ አልፌው ነበር። ኬቲ ለሊና የምትዘፍንላት አንድ ቀስ ያለ ዘፈን አለ። የእሱም ድምፅ የዴቢ አይደለም። ቤቲ ኖይስ የምትባል ዘፋኝ ናት የዘፈነችው። የድምፅዋ ባለቤት ተደብቃ መቅረቷ በደል ነው ብሎ 103 ደቂቃ የሚሟገት ፊልም፣ የራሱን ዘፋኝ ስም ሳይጽፍ ቀረ። መጨረሻ ላይ መጋረጃው ተገልጦ ኬቲ ስትታይ አዳራሹ ያጨበጭባል፤ ቤቲ ኖይስ ከሁለተኛው መጋረጃ ጀርባ ናት። እሱን የሚስብ አልተገኘም።

ይህን ሳውቅ ፊልሙን የጠላሁት ይመስላችኋል? ሁለት ቀን አኩርፌው ነበር። በሦስተኛው ተመልሼ አየሁት።

ሌላም ቅሬታ አለኝ። ወደ መጨረሻው ገደማ ከታሪኩ ጋር እምብዛም የማይገናኝ ስለ ብሮድዌይ፣ ስለ ኒው ዮርኩ የቲያትር ሰፈር፣ ረጅም ጭፈራ ይመጣል። ዳንሰኛዋ ሲድ ቻሪስ በአረንጓዴ ቀሚስ ስትገባ ዓይን ይቀራል፣ እሱን አልክድም። ነጭ ሻሿ በንፋስ ሲንሳፈፍም ያምራል። ግን ረዘመ። እማዬ እዚያ ጋ ቡና ልታፈላ ተነሣች። ቆልታ፣ ወቅጣ ተመልሳ «አሁንም እየጨፈሩ ነው?» አለችኝ።

ደግሞም ጫማቸው ሥር ብረት አድርገው የሚያንኳኩት ታፕ ዳንስ ከየት መጣ? በባርነት አሜሪካ የገቡ አፍሪካውያን የእግር ምትና የአየርላንድ የእግር ጭፈራ ተቀላቅለው የወለዱት ነው። ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው ያሳደጉት። በዚህ ፊልም ላይ ግን ጥቁር ጨፋሪ ፊት ለፊት አታዩም። ኬሊ አያውቃቸውም እንዳይባል፣ በ1948 «ዘ ፓይሬት» ላይ ከጥቁሮቹ ዳንሰኞች ከኒኮላስ ወንድማማቾች፣ ከፋያርድና ከሃሮልድ ጋር ጎን ለጎን ጨፍሯል። የጨፈሩበት የዘፈን ደራሲው የኮል ፖርተር ዘፈን ነው። ያን ዘፈን ሰምታችሁ ኦኮነር ግድግዳ ሲወጣ የሚዘፍነውን ብትሰሙ ዜማው መንታ ነው። እንግዲህ ሁለቱ ወንድማማቾች ፎቶም አልደረሳቸው፣ ፖልም አልደረሳቸው።

ወደ ጸሐፊያችሁ ልመለስና ላብቃ። ሰው ድንገት ተነሥቶ ይጨፍራል ላሉት። አዎ፣ ይጨፍራል። ባለፈው ጥር የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ አክስቴ ምግብ እያነሣች፣ ስለ ድንኳኑ ኪራይ እየተነጫነጨች ነበር። አዝማሪው ማሲንቆውን ሲነካው የያዘችውን ትሪ ለእኔ ሰጥታኝ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ትከሻዋ ተነሣ። ማንም «ወሬሽን ለምን አቋረጥሽ?» አላላትም። ከኪራዩ ይልቅ ቅድም ያላወራችውን ነው ትከሻዋ የተናገረው። ዶንም በር ላይ ተስሞ፣ ፍቅር ይዞት፣ ሌሊት መንገድ ላይ ብቻውን ቀርቷል። ምን ይበል? ዣንጥላውን አጠፈ።

ጸሐፊው ፊልሙን አላዩትም አልልም። ምናልባት በስልክ አይተውት ይሆናል። በስልክ አይታይም፤ እግሩ አይታይማ። ኬሊና ዶነን ካሜራውን ራቅ አድርገው ከራስ እስከ ጫማ ነው የሚያሳዩን፤ እንደ ዛሬ ቪዲዮ በየሰከንዱ አይቆራርጡትም። በትልቅ ስክሪን፣ ከሚስቅ ሰው ጋር ይዩት። የሚተረጉምላቸው ከፈለጉ እኔ አለሁ፤ ዘፈኖቹ ላይ ዝም እላለሁ።

ለእናንተ ግን ጥያቄ አለኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አንዲት ማረሚያ አውጡልኝ። ባለፈው ሳምንት ፎቶው ላይ የታየው ጂን ኬሊ ነው ብላችሁ። ቦታ ከተረፋችሁ ቤቲ ኖይስንም ጨምሩበት። ፎቶው ላይ አለመኖሯን አውቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ድምፄን የምታውቁት፣
ከአዲስ አበባ